ጫጩቶቹ ላባ እስኪያወጡ

እህቴ አሚና፣ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን እወቂ። ልጅሽ ሬሕማ በሕይወት አለች፣ ጤነኛ ናት፤ ይህን ስጽፍ በሚቀጥለው ክፍል ከጫጩቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ወደ ሊቢያ አልሄደችም። ነገር ግን ለመሄድ ቆርጣለች፤ የቀራትም አስራ አምስት ቀን ያህል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ወንድሟ ኢስሐቅ እንዲያነብልሽ አትስጪው። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፤ ያልገባሽን መስመር ድገሚው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ከርማችኋል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ተሻለሽ? ባለቤትሽን አብዱልወሃብን ሳሉ ለቀቀው ወይ? ማሽላው ዘንድሮ ያዘ ወይስ ወፍ በላው? ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የምትወጪው አንቺ ነሽ ወይስ ለኢስሐቅ ተውሽለት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዓይኔን ማታ ማታ ይደክመኛል፣ እግሬም እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ከዚህ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የኔ ስልክ በጦርነቱ ጊዜ ከነሻንጣዬ ተወስዷል፤ ያለን የሬሕማ ስልክ ብቻ ነው፣ እሱም ከእጇ አይለይም። ሁለተኛ፣ አንቺ ስልክ ላይ ታለቅሻለሽ እንጂ አታዳምጪም። አትቀየሚኝ፣ ከልጅነትሽም እንዲሁ ነሽ። ስለዚህ ደብዳቤውን ነገ ጠዋት በገዳሪፍና በመተማ በኩል ወደ አገሯ ለምትመለሰው ለየኔነሽ እሰጣታለሁ። የኔነሽ አርካዊት ሰፈር ሻይ ትሸጥ የነበረች ወዳጄ ናት፣ አደራ አትበላም። መንገዱ ሰላም ከሆነ በሳምንት ውስጥ እጅሽ ይገባል። ሬሕማም አብራት እንድትሄድ ቦታ አስይዤላት ነበር፤ አሻፈረኝ አለች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳሽ። ባለፈው ሐምሌ በጦርነቱ ከሸሸንበት ከገዳሪፍ ስንመለስ፣ እዚህ ካርቱም ጀሪፍ ያለው ቤቴ ቆሞ የጠበቀን ግድግዳው ብቻ ነበር። በሩን ነቅለውታል፣ የመብራቱን ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው ውስጥ ስበው ወስደውታል። ሬሕማ እዚሁ ከተማ አል-ጣኢፍ ሰፈር ትሠራበት የነበረው ቤት ባለቤቶች ወደ ግብጽ እንደወጡ ቀርተዋል። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ ጊዜው አልፏል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ይያዛል የሚል ወሬ ስለሚናፈስ ከበር አትወጣም። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። በዚህ መሀል ነው ማሩ የሚባል ሰምሳር፣ ደላላ እንላለን እኛ፣ በሩን ያንኳኳው።

ማሩ ክፉ ፊት የለውም፤ እኔንም የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፣ «እናቴ» ይለኛል፣ ውሃ ስሰጠው ቁጭ ብሎ ይጠጣል። በበረሃው አራት ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ ሞልቷል አላት። እኔም እንደ ተማሪ አቁሜ ጠየቅሁት። መኪናው ስንት ሰው ይጭናል? ውሃው ስንት ጀሪካን ነው? ቢበላሽ ማን ይደርስላችኋል? ካለፈው ጉዞ ስንት ሰው ደረሰ? እየሳቀ፣ «እናቴ፣ አስተማሪ መሆንሽ ያስታውቃል» አለኝ። ከአራቱ ጥያቄ አንዱንም አልመለሰም። ሬሕማ ግን ሳቁን እንጂ ዝምታውን አልሰማችም።

እኔ ልጅቷን አውቃታለሁ። የምትሄደው ሊቢያን ወድዳ ሳይሆን ባዶ እጇን አንቺ ደጅ ላለመቆም ነው። እንግዲያው እጇ ውስጥ ሙያ ላስገባላት ብዬ አሰብኩ። ፈድልን ታስታውሽው እንደሆን፣ አባቱ ሱዳናዊ እናቱ የኛው የወሎ ሰው የሆነችው ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። ሌቦች ሞተሩን ወስደው ሳጥኑን የጣሉት ፍሪጅ አገኘና የእንቁላል መፈልፈያ አደረገው። አምፖል ለሙቀት፣ ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ለማዞር፣ እንቁላሎቹ የሚደረደሩበትን መደብ በየሰዓቱ ወዲያና ወዲህ የሚያጋድል የመኪና መጥረጊያ ሞተር ገጠመለት። ኃይሉ ከጣሪያ ላይ ካለው ሶላርና ከአንድ ባትሪ ነው። «ኡስታዛ፣ ይሄ ዶሮ እንቁላል ትቶ አይሄድም፣ ዋላሂ» ብሎ አስረከበን።

መስከረም ሠላሳ ቀን ስድሳ እንቁላል አስገባን። እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፍኩ፤ ደብተር አሰምሬም ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ውሃው መሙላቱን፣ መደብ መዞሩን የምመዘግብበት አምድ ለየሁ። ሬሕማ ስታየኝ፣ «አክስቴ፣ የቀሩትን ወላጅ አምጡ ልትያቸው ነው?» ብላ ሳቀች። ከተመለስን ወዲህ ስትስቅ ያኔ ገና መስማቴ ነበር። ቀስ በቀስ ሥራው ያዛት። እዚህ አገር ጭንቁ ማሞቁ ብቻ አይደለም፤ ቀትር ላይ ክፍሉ ራሱ ይነድና ሙቀቱ ከልኩ ያልፋል፣ ያኔ ጆንያ አርጥበን ሳጥኑን እናለብሰዋለን፣ አምፖሉንም እናጠፋለን። ይህን እኔ ሳልነግራት ቴርሞሜትሩን አይታ ታደርገው ጀመር። በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ መብራት ስናይ፣ የቀይ ክር መረብ የመሰለ ደም ስርና መሀሉ ላይ የምትዘል ነጥብ አየች። «ልቡ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ትታ እነሱ ትላቸው ጀመር። ዘጠኙ ባዶ ሆነው ተገኙ፤ ሃምሳ አንዱን መለስናቸው።

አሁን የምነግርሽ ከሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪነቴ በኋላ የሠራሁትን ጥፋት ነው። በአስራ አራተኛው ቀን፣ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ድሮን መጣ። ድምፁ እንደ ሞተር ብስክሌት ነው፤ አላፊ መስሎሽ ታዳምጫለሽ፣ አያልፍም። ከወዲያ ሰፈር ወደቀ። መስኮታችን መስተዋት ስለሌለው የሸፈንበት ካርቶን ተገንጥሎ ፊቴን መታኝ፣ ወለሉም ተንቀጠቀጠ። ሬሕማ ሮጣ ሳጥኑን በሁለት እጇ አቀፈችው። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። በጦርነቱ መጀመሪያ ያለፍኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃት እንደ ውርጭ ነው፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ልቤ ሲመለስ ሬሕማን ውሃ አምጪ ብዬ ወደ ጓሮ ላክኋትና የቁልፍ መስቀያውን ረጅም ምስማር ከግድግዳው ነቅዬ ከእንቁላሎቹ ስር አስገባሁት።

ለምን እንደሆነ ላንቺ ማስረዳት አያሻኝም። እናታችን፣ አላህ ይርሐማት፣ ዶሮ ስታስታቅፍ ከጭዱ ስር ምስማር ታደርግ የነበረው ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው አልነበር? ምስማሩን አቀባይዋም አንቺ ነበርሽ። እኔ ማሠልጠኛ ገብቼ ስመለስ፣ ይህ አጉል እምነት ነው፣ ብረት ድምፅ አያግድም ብዬ በሰው ፊት ሳርማት ምን እንዳለችኝ ታስታውሻለሽ? «አውቃለሁ ልጄ፤ ግን እኔ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ የሌላት መስሎኝ ነበር።

መደቡ ሲያጋድል ምስማሩ ተንሸራቶ መገጣጠሚያው ውስጥ ተሰነቀረ። መደቡ ከዚያች ማታ ጀምሮ አልዞረም። የሚያሳፍረኝ ግን ደብተሬ ነው፤ በየሰዓቱ «ዞሯል» በሚለው አምድ ምልክት አድርጌያለሁ። ሳላይ ነው ያደረግሁት። ተማሪው ክፍል ሳይኖር ተገኝቷል ብሎ እንደሚጽፍ ሰነፍ መምህር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የታነቀው ሞተር ሲታገል ቆይቶ ፊውዙን አቃጠለው፤ ማራገቢያውም በዚያው መስመር ላይ ስለነበር አብሮ ቆመ። «አክስቴ፣ ዝም አለ» ብላ የጮኸችው ሬሕማ ናት። ስንደርስ ሙቀቱ አርባ ሊገባ ነበር። በሩን ከፍተን በትሪ እያራገብን፣ ጆንያ እያረጠብን ፈድልን አስጠራነው።

ፈድል ምስማሩን በፒንሳ ስቦ አወጣና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ «ኡስታዛ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ። አሚና፣ ስንቱን ልጅ ስለ አንዲት ውሸት ያንበረከክሁ ሴት ዝም አልኩ። ሬሕማ ፊቴን አየችና፣ «እኔ ነኝ ያስገባሁት። በኛ አገር ለነጎድጓድ ይደረጋል» አለችው። ፈድልም፣ «ያ ሬሕማ፣ ድሮኑ ምስማር ይፈራል እንዴ? እንግዲያ በየጊዜው ለሚመታው ኤርፖርትም ሁለት ሦስት እንስጣቸዋ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። በማግስቱ እውነቱን ነገርኩት፤ ራሴን ስሞ፣ «ማዓሌሽ ኡስታዛ፣ ግድ የለም» ብቻ አለኝ። የጎዳኝ ግን የሱ ነገር አልነበረም።

ያን ቅዳሜ እሱ እንደወጣ ሬሕማን ለምን ዋሸሽልኝ አልኳት። ይህን የምጽፍልሽ ቃል በቃል ነው። «የሰፈሩ ሰው የሚረጋጋው አንቺን እያየ ነው። እንዳይፈራ ብዬ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኔ ግን አየሁ። እስከ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት አንቺ የማትፈሪ መስሎኝ ነበር። አንቺም ከፈራሽ፣ እዚህ መፍራትና መንገድ ላይ መፍራት ምን ልዩነት አለው?» አለች።  በዚያው ዕለት ለማሩ ደወለችለት።

እንቁላሎቹ ግን እኛ እንደፈራነው ሁሉም አልሞቱም። በሃያ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ጭ… ጭ… የሚል ሰማሁ። ሬሕማን ቀሰቀስኳት፤ ሱብሓነላህ ብላ ተንበርክካ ቀረች። እስከ ማግስቱ ድረስ ሠላሳ አራት ወጡ። ካልወጡት አንዱ፣ ሃያ ሦስት ቁጥር፣ ቅርፊቱን በምንቃሩ ሰብሮ ሲታገል ዋለ። ልታወጣው እጇን ስትዘረጋ ከለከልኳት። በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣል፣ የቀሩትም ሽፋናቸው ደርቆ ይጣበቅባቸዋል፤ ጫጩት ራሱ ወጥቶ ነው የሚጠነክረው ብዬ አስረዳኋት። የነገርኳት ትክክል ነው። ሃያ ሦስት ቁጥር ግን በቀዳዳው እንዳጮለቀ ሞተ። ሬሕማ በመዳፏ ይዛው፣ «መጠበቅም ይገድላል እኮ አክስቴ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጫጩቶቹን በሰፊ ካርቶን ውስጥ አደረግናቸው። የእያንዳንዱን ምንቃር ስኳር ባለው ውሃ እየነከረች መጠጣት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ኩስ ደርቆ የደፈናቸውን በለብ ያለ ውሃ ታጥባለች። ከአምፖሉ ሥር ከተፋፈጉ በርዷቸዋል፣ ወደ ጠርዝ ከሸሹ ሞቋቸዋል፣ ተበትነው ቀስ ብለው የሚያወሩ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። ይህን አንዴ ነገርኳት፤ አሁን በሌላ ክፍል ሆና በድምፃቸው ትለያለች። የምፈራው ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ነው። ክትባቱን ፈድል በበረዶ አምጥቶልን ዓይናቸው ላይ ጠብ አድርገናል፤ በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ደግሞ ድሮኑ ተመለሰ። ከኛ ሩቅ ነበር የወደቀው። ጫጩቶቹ ግን በድምፁ ደንግጠው ሁሉም ወደ አንድ ማዕዘን ሮጡና ተደራረቡ። ሬሕማ ደርሳ እየበተነች ብታነሳቸውም አራቱ ከሥር ታፍነው ሞተዋል። ሠላሳ ቀሩ። ማዕዘን ባይኖር ኖሮ አይታፈኑም ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። አሁን ካርቶን አጥፈን ማዕዘኖቹን ክብ አድርገናቸዋል። ሬሕማ ግን በካርቶኑ አላመነችም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁለት እጇን ከመሀላቸው ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ምግቧን እንኳ እኔ ነኝ የማጎርሳት።

ማሩ ትናንት መጥቶ መኪናው ሰኞ እንደሚነሳ ነገራት። «እናት የላቸውም። ላባ አውጥተው ያለ አምፖል እስኪያድሩ አልለያቸውም» አለችው። «አንቺ ዶሮ ስታሳድጊ መኪናው ያመልጥሻል» አላት። «ያምልጠኛ፤ ሌላ የለህም?» አለች። አለኝ አለ። ስለዚህ ቀጠሮው ላባው ሆነ። በዚህ ሙቀት ጫጩት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ያለ አምፖል ያድራል፤ ዛሬ ስድስት ቀናቸው ነው። ትንሿን ቦርሳዋን አዘጋጅታ ከበሩ ጀርባ ሰቅላታለች። ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ላባ ሲወጣ ደስ ይለዋል። እኔ በየጠዋቱ ክንፋቸውን ገልጬ የቀሩንን ቀኖች እቆጥራለሁ። ዛሬ ከክንፋቸው ጫፍ ላይ የእርሳስ ጫፍ የሚያህል አየሁ። እንዳያድጉ መመኘት ኃጢአት ነው፤ አንዳንዴ ግን እመኛለሁ።

አሁን ያንቺ ድርሻ ነው። ባለፈው ረመዳን በስልክ የላክሽላት የድምፅ መልእክት አለ። ስለ ጾሙ ካወራሽ በኋላ፣ «የጎረቤታችን ልጅ ከዐረብ አገር ተመልሳ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ አስመታችላት፤ ያንቺንስ መቼ እናይ ይሆን?» ብለሽ ስቀሻል። በቀልድ ያልሽው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ ሳቅሽን አውቀዋለሁና። እሷ ግን ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች። ብቻዋን ስትሆን ትከፍተዋለች፤ ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሳቅሽ ጋ ስትደርስ ታጠፋዋለች።

ወቀሳ አይደለም አሚናዬ። እኔም ምስማር አስገብቻለሁ። ነገር ግን የኔ ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ዘንድ አይቆምም፤ የፈራ ሰው ቃል ነው። የቀረው ያንቺ ቃል ነው። በድምፅሽ ላኪላት። ስለ ሊቢያ አታንሺ፣ ስለ ማሩ አታንሺ፣ አታልቅሺ። እኔ መጻፌን አትደብቂያት፣ ውሸት በቃን። «ባዶ እጅሽን ነይ» በያት። እነዚህን ሦስት ቃላት ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ከዚያ ከቻልሽ ከጓሮ ያለው ባዶ በረት ለዶሮ ይሆን እንደሆነ ጠይቂያት፤ አሳምራ ትመልስልሻለች። እሽ ካለች ጫጩቶቹን ለፈድል ትቼ እስከ መተማ ራሴ አመጣታለሁ፤ እግሬም እንደምንም ይችላል ኢንሻአላህ። መልእክቱን በፈድል ስልክ ላኪው፤ ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ጀሪፍ ውስጥ ኢንተርኔት ያለበት አንድ ሱቅ አለ፣ እሱ በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ እዚያ ይሄድልኛል።

ለአብዱልወሃብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማታ ማታ ብርድ ላይ አይቀመጥ። ኢስሐቅን ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ስለከለከልኩት ቢያኮርፍ፣ ሌላ ለብቻው እጽፍለታለሁ በይው። ለአማትሽ እጅ ነስቻለሁ፣ ዱዓቸው አይለየን። ፈድል ባልተስተካከለ አማርኛው «ለኡስታዛ እህት ሰላም» ብሏል። ሬሕማ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅምና ሰላምታ አልላከችም፤ ግን አሁን በዚህ ሰዓት ለጫጩቶቹ የምታንጎራጉርላቸው አንቺ እሷን ስታስተኚ የምትይውን ነው።

እህቴ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ከቀኖቹ ስምንት ያህል ብቻ ይቀራሉ። አንብበሽ ስትጨርሺ ወደ ነገ አታሳድሪው። ዛሬውኑ መልሽልኝ።

እህትሽ ሉጥፊያ
ጀሪፍ፣ ካርቱም
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.